በስልክና በኢሜይል የሚመጣ ማጭበርበር፦ ካርቱም ያስተማረችንና ሁላችንም ልናውቀው የሚገባ



ሰሞኑን ከየካምፑ ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች የበዛው አንድ ዓይነት ነው። «ከዩኤን ነን ብለው ደወሉልኝ፣ እውነት ይሆን?» «ፋይልህ ካናዳ ደርሷል የሚል ኢሜይል መጣልኝ፣ ምን ላድርግ?» ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምመልስ የማውቀውን አንድ ቦታ ላሰባስበው ብዬ ይሄን ጻፍኩ። እኔ ካርቱም ዴም ሰፈር ዓመታት የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አብዛኛው ምሳሌም ከዚያው ነው። የሌባው ዘዴ ግን ገዳሪፍም፣ ካኩማም፣ ጁባም፣ ካይሮም ያው ነው፤ የሚለወጠው የገንዘቡ ስም ብቻ ነው።

ጊዜ ለሌለው ሰው ዋናውን ላስቀድም፦

1. ምዝገባ፣ ኢንተርቪው፣ ሪሴትልመንት በገንዘብ አይሸጥም። ለዚህ ብሎ ገንዘብ የጠየቀ ሁሉ ሌባ ነው፤ መታወቂያ አንገቱ ላይ ቢያንጠለጥልም ሌባ ነው።

2. በስልካችሁ የመጣ ኮድ ለማንም አይነገርም። ለወንድምም፣ ለአባት ነፍስም።

3. የሚያስቸኩላችሁን ሰው ስልክ ዝጉበት። ከዚያ እናንተ ራሳችሁ በምታውቁት ቁጥር ደውሉ ወይም ቢሮ ሂዱ።

ከዚህ በታች ያለው የእነዚህ የሦስቱ ዝርዝር ነው።

ካርቱም ላይ ምን ሆኖ ነበር?

እ.ኤ.አ. በ2018 ካርቱም የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ። ስደተኞች ለሪሴትልመንት ጉቦ እንደተጠየቁ ለአየርላንዳዊቷ ጋዜጠኛ ለሳሊ ሃይደን ተናገሩ፤ ነገሩም በአደባባይ ወጣ። በዚያው ዓመት በሜይ ወር የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን (ዩኤንኤችሲአር) የሱዳኑን የሪሴትልመንት ሥራ ለጊዜው ማቆሙንና አቤቱታው እየተመረመረ መሆኑን አስታወቀ። ሥራው ሲቆም ደግሞ የቆመው ለሁሉም ነው። ጉቦ የከፈለውም ያልከፈለውም፣ ልጅ የታመመባት እናትም አብረው ቆሙ።

ይሄ በእኛ የተጀመረ ነገር አይደለም። በናይሮቢም ስደተኛውን ለሪሴትልመንት እያስከፈለ የሚዘርፍ የወንጀል መረብ እንደነበረ የተባበሩት መንግሥታት የውስጥ ቁጥጥር ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2001 ባካሄደው ምርመራ አጋልጧል።

ይሄን ያነሳሁት የድሮ ቁስል ለመነካካት አይደለም። የስልክ ሌባ ኃይል የሚያገኘው ከዚህ ስለሆነ ነው። ሰው «እንዲህ ያለ ነገር አለ አሉ፣ የከፈለ ሄደ አሉ» ብሎ ካመነ፣ በማያውቀው ቁጥር ደውሎ «ፋይልህን ላንቀሳቅስልህ፣ 500 ዶላር» የሚለውን ሰው ማመን ቀላል ይሆንለታል። ደዋዩ ቢሮውን በዓይኑ አይቶት ላያውቅ ይችላል፤ የሚያስፈልገው እናንተ ሰምታችሁ ያመናችሁት ወሬ ብቻ ነው።

«ግን እኮ እገሌ ከፍሎ ሄዷል» ለሚሉ

ይሄን ነገር ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። እንግዲህ አንድ ሒሳብ ላሳያችሁ።

አንድ ደላላ አለ እንበል። ከ20 ሰው ላይ ከእያንዳንዱ 1,000 ዶላር ይቀበላል። «ካልተሳካ ገንዘብህን እመልሳለሁ» ይላል፣ በእግዚአብሔር ስምም ይምላል። ከዚያ ምንም አይሠራም። ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ከ20ዎቹ ውስጥ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ጉዳያቸው በራሱ ጊዜ ሲጓዝ የቆየ ነውና ኢንተርቪው ይጠራሉ። ደላላው «አየህ!» ብሎ የእነሱን ገንዘብ ይበላል። ለቀሩት ለአንዳንዶቹ ይመልሳል፣ አንዳንዶቹን «ትንሽ ታገሥ» ይላቸዋል፣ ሌሎቹን ስልክ አያነሳላቸውም። የተመለሰላቸው ደግሞ «ሰውዬው ታማኝ ነው፣ መለሰልኝ» እያሉ ስሙን ያሰራጩለታል። አንድ ወረቀት እንኳ ሳይነካ ታማኝ ተባለ፣ ኪሱንም ሞላ።

ስለዚህ «እገሌ ከፍሎ ሄደ» ማለት «ስለከፈለ ሄደ» ማለት አይደለም።

ለምን እኛን?

ሌባ ስደተኛን የሚመርጠው ሞኝ ስለሆንን አይደለም። ምክንያቱ ሌላ ነው።

አንደኛ፣ ሁላችንም ስልክ እንጠብቃለን። ዓመት ሙሉ አንድ ጥሪ የሚጠብቅ ሰው ጥሪው ሲመጣ ለመጠራጠር ልቡ አይጨክንም። ሁለተኛ፣ ደብዳቤው የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው፤ ለማስነበብም ሰው ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ ፖሊስ ጋ ለመሄድ እንፈራለን። ካርቱም ላይ በከሻ የተጋዘ ሰው ለክስ ብሎ ጣቢያ አይሄድም፤ ሌባውም ይሄን ያውቃል። አራተኛ፣ ውጭ ዘመድ አለን። ሌባው የሚያየው የኛን ኪስ ሳይሆን ስቶክሆልም ወይም ዋሽንግተን ያለችውን እህታችንን ነው።

ጦርነቱ ደግሞ ነገሩን አባባሰው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015፣ ቅዳም ስዑር ዕለት፣ ካርቱም ላይ ተኩስ ሲከፈት ሰው የያዘውን ይዞ ተበተነ። በየመንገዱ ስልኩን የተነጠቀ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሯሪ 2024 ኔትወርክ በአብዛኛው ሱዳን ሲጠፋ ዘመድ ከዘመድ ሳምንታት ሳይሰማማ ቆየ። ወሬ ሲቋረጥ ውሸት ቦታ ያገኛል።

በር ሲጠብም እንዲሁ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የስደተኞች ቅበላ ፕሮግራሙን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 መጨረሻ ካገደ ወዲህ «ልዩ መስመር አለን»፣ «በጎን የሚወጣ ስም ዝርዝር አለ» የሚሉ መልእክቶች ሲዘዋወሩ አይቻለሁ። መንግሥት በአዋጅ የዘጋውን በር ከዋትሳፕ ላይ የሚከፍት ደላላ የለም።

የሚመጡት ጥሪዎችና መልእክቶች

ሀ. «ከዩኤን ነው የምደውለው»

ደዋዩ ስማችሁን ያውቃል። አንዳንዴ የኬዝ ቁጥራችሁንም ያውቃል። ሰው የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው፦ «ካላወቀኝ ቁጥሬን ከየት አመጣው?» ከብዙ ቦታ ሊያመጣው ይችላል። ወረቀታችሁን ኮፒ ካደረጋችሁበት ሱቅ፣ ፌስቡክ ላይ «እርዱኝ» ብላችሁ ከለጠፋችሁት ፎቶ፣ ለሆነ ደላላ አንድ ጊዜ ከሰጣችሁት ሰነድ። ቁጥሩን ማወቁ ሠራተኛ ነው አያሰኘውም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ እውነተኛው ቢሮም ይደውላል። ከማይታወቅ ቁጥርም ሊደውል ይችላል። ስለዚህ «የማላውቀውን ቁጥር አላነሳም» ማለትም ያስጎዳል፣ ቀጠሮ ያልፋል። መለየት የምትችሉት በሚጠይቃችሁ ነገር ነው፦

እውነተኛው ቀጠሮ ይሰጣል፣ ቦታውን ይናገራል፣ ቦታውም ቢሮ ነው። ማንነታችሁን ለማረጋገጥ የሆነ ነገር ሊጠይቅ ይችላል። «መጀመሪያ ቢሮ ጠይቄ ላረጋግጥ» ብትሉት አይቆጣም።

ሌባው ገንዘብ ይጠይቃል፤ «የፋይል መክፈቻ»፣ «የሜዲካል»፣ «የትኬት»፣ «ለአለቃዬ ሻይ» ይለዋል። ሻይ ቤት እንገናኝ ይላል። ለማንም አትንገሩ ይላል። ዛሬ ካልሆነ ስማችሁ ይወጣል ይላል።

የትኬት ነገር ከተነሳ አንድ እውነት ጨምሩ። አይኦኤም ወደ አሜሪካ ስደተኛ ሲያጓጉዝ የትኬቱ ወጪ በብድር ሆኖ የሚከፈለው አሜሪካ ከገቡ በኋላ ቀስ በቀስ ነበር። ከመሄድ በፊት በስልክ የሚላክ የትኬት ገንዘብ ኖሮ አያውቅም። በካናዳ የግል ስፖንሰርም ቢሆን ስፖንሰሩ ከስደተኛው ክፍያ መቀበል በሕጉ ክልክል ነው። «ስፖንሰር አገኘሁልህ፣ የቡድኑን ወጪ ቅድሚያ ላክ» ካሏችሁ ወይ ውሸት ነው ወይ ሕገወጥ ነው።

ለ. ኢሜይል

ፈረንጆቹ «ፊሺንግ» ይሉታል፣ ዓሣ እንደማጥመድ። መንጠቆው ላይ የምትወዱት ነገር ይሰካል፦ «እንኳን ደስ ያለዎት፣ ተመርጠዋል።»

አድራሻውን ማንበብ ልመዱ። በላይ በኩል በትልቁ የሚታየውን ስም አትመኑ፤ ማንም ሰው ራሱን «ዩኤንኤችሲአር ካናዳ» ብሎ መጻፍ ይችላል። ስሙን ተጫኑትና ሙሉ አድራሻውን አውጡ። ከ@ ምልክት በኋላ ያለውን ከመጨረሻው ወደ ኋላ አንብቡ። ብዙውን ጊዜ ከመጨረሻው ነጥብ በፊት ያለው ስም የባለቤቱ ስም ነው። ለምሳሌ «ዩኤንኤችሲአር ነጥብ ኦርግ» የሚለው የድርጅቱ ነው። «ዩኤንኤችሲአር ነጥብ የስደተኛ-እርዳታ ነጥብ ኮም» የሚለው ግን የዩኤንኤችሲአር አይደለም፤ ባለቤቱ «የስደተኛ-እርዳታ» የሚባል ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው ነው፣ ዩኤንኤችሲአር የሚለው ፊት ለፊት የተሰካ ማታለያ ነው። የአሜሪካ መንግሥት አድራሻ «ነጥብ ጎቭ» ብሎ ያልቃል። የካናዳ መንግሥት «ካናዳ ነጥብ ሲኤ» ወይም «ጂሲ ነጥብ ሲኤ» ብሎ ያልቃል። በጂሜይል ወይም በያሁ የመጣ «የመንግሥት ደብዳቤ» ዝም ብሎ ይጥፋ።

አድራሻው ትክክል መስሎ ቢታይም ገንዘብ ወይም ፓስወርድ ከጠየቀ አሁንም አትመኑ፤ የላኪ አድራሻን አስመስሎ መላክም ይቻላል።

ሊንክ ሲኖር ከመክፈታችሁ በፊት ጣታችሁን ተጭናችሁ አቆዩበት፤ ትክክለኛው አድራሻ ይወጣል። ላይ የተጻፈው አንድ፣ ሥር ያለው ሌላ ከሆነ በቃ፣ ወጥመድ ነው። «ይሄን አፕ ጫኑና ስማችሁን እዩ» የሚል ፋይልም ከፕሌይ ስቶር ውጭ ከመጣ አትጫኑት፤ ስልካችሁ ውስጥ ገብቶ መልእክታችሁን የሚያነብ ሊሆን ይችላል።

ዲቪን በተመለከተ፦ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት «ደርሶሃል» የሚል ኢሜይል ለባለ ዕድለኞች አይልክም። ውጤት የሚታየው ሰውየው ራሱ በመንግሥቱ ድረ ገጽ ላይ የማረጋገጫ ቁጥሩን አስገብቶ ሲያይ ብቻ ነው። ስለዚህ የሞላላችሁ ሰው ማረጋገጫ ቁጥሩን ለራሱ ይዞ ከቀረ ዕድላችሁ በእሱ እጅ ነው። ከሱቁ ሳትወጡ ቁጥሩን ተቀበሉት። ላልሞላችሁት ዲቪ ደርሷችኋል ከተባላችሁ ደግሞ መልሱ ሳቅ ነው።

ሐ. «የመጣልህን ኮድ ንገረኝ»

ከምታውቁት ሰው መልእክት ይመጣል፦ «ይቅርታ፣ በስህተት ኮድ ወደ አንተ ስልክ ልኬያለሁ፣ ንገረኝ።» የመጣው ኮድ የእናንተ የዋትሳፕ ወይም የቴሌግራም መክፈቻ ነው። ከሰጣችሁት በደቂቃ ውስጥ አካውንታችሁ በሌላ ስልክ ይከፈታል። ከዚያ ሌባው በእናንተ ስም ለእህታችሁ «ልጄ ታመመ፣ ቶሎ 200 ላኪልኝ» ብሎ ይጽፋል። እህታችሁም ትልካለች፣ ምክንያቱም የእናንተ ፎቶና የእናንተ ቁጥር ነው።

መከላከያው 2 ደቂቃ ይፈጃል። ዋትሳፕ ላይ ሴቲንግስ፣ ከዚያ አካውንት፣ ከዚያ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» ግቡና 6 ቁጥር ያለው የራሳችሁን ምሥጢር አስገቡ። ቴሌግራምም በሴቲንግስ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ውስጥ ተመሳሳይ አለው። «ሊንክድ ዲቫይስስ» የሚለውንም እዩት፤ የማታውቁት ኮምፒውተር ወይም ስልክ ካለ አስወጡት። ቻርጅ ቤት ስልካችሁን ትታችሁ የምትሄዱ በተለይ ይሄን እዩ።

ካርቱም ላይ ስልካቸውን ለተነጠቁ፦ ያ ዋትሳፕ አሁንም ክፍት ሊሆን ይችላል። ሸሪሃውን ማውጣት የማትችሉ ከሆነ ለዋትሳፕ ድርጅት (ሳፖርት አት ዋትሳፕ ነጥብ ኮም) ስልኬ ጠፍቷል፣ አካውንቴን ዝጉልኝ ብላችሁ ቁጥራችሁን ከአገር ኮዱ ጋር ጻፉላቸው። ለዘመድ ሁሉም «በድሮው ቁጥሬ የሚመጣው እኔ አይደለሁም» በሉ። ዘመድ የሆናችሁ ደግሞ፣ ወራት ጠፍቶ የነበረ ቁጥር ድንገት ገንዘብ ሲጠይቅ ድምፁን ሳትሰሙ አትላኩ።

መ. «በስህተት ገንዘብ ላክሁልህ» እና የውሸት ደረሰኝ

ሱዳን ውስጥ ባንኮች በጦርነቱ ሲዘጉ ሰው የኖረው በባንካክ ነው። ሌባውም እዚያው ገባ። ዕቃ ይገዛል፣ «ልኬልሃለሁ፣ ይኸው ኢሽዓሩ» ብሎ የደረሰኙን ፎቶ ያሳያል። ፎቶው የተቀነባበረ ነው። ካኩማ ያላችሁ ይሄንኑ በኤምፔሳ ታውቁታላችሁ፤ አዲስ አበባ ያለው ቤተሰብም በቴሌብር ያገኘዋል፦ ገንዘብ ገባ የሚል ቴክስት ይመጣል፣ ወዲያው አንድ ሰው ደውሎ «እባክህ ተሳስቼ ነው፣ የሕክምና ገንዘብ ነው፣ መልስልኝ» እያለ ያለቅሳል።

ሕጉ አንድ ነው፦ ፎቶ አትዩ፣ ቴክስት አትዩ፣ የራሳችሁን ሒሳብ ከፍታችሁ ቀሪውን እዩ። ካልገባ አልገባም። በእርግጥ ገብቶ ከሆነም በግላችሁ አትመልሱ፤ «ለድርጅቱ ደውልና እነሱ ይመልሱልህ» በሉት። እውነተኛ ሰው ያን ያደርጋል። ሌባ ይሳደባል።

ሠ. «ልጅህ በእጃችን ነው»

ይሄኛው ከሁሉ የከፋው ነው፤ ምክንያቱም እውነቱም አለ። ሊቢያ ውስጥ ባኒ ዋሊድ ላይ ወገኖቻችንን አግተው እያሠቃዩ ቤተሰብ በስልክ ያስለቀሱ ሰዎች ነበሩ፣ አሉም። ከመሪዎቹ አንዱ የተባለው ኪዳኔ ዘካርያስ ሀብተማርያም እ.ኤ.አ. በ2020 አዲስ አበባ ተይዞ፣ በ2021 ፍርድ ቤት በቀረበበት አምልጦ፣ በሌለበት ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት፣ በጃንዋሪ 2023 እዚያው ሱዳን ውስጥ በኢንተርፖልና በኤምሬትስ ፖሊስ ትብብር ተይዟል።

እውነቱ ስላለ አስመሳዩም አለ። ልጁ በመንገድ ላይ መሆኑን የሰማ ሰው፣ ወይም ምንም ያልሰማ ሰው፣ ይደውላል። ከኋላ የሚያለቅስ ድምፅ ያሰማል። ብዙ ጊዜ ስሙን የምንሰጠው እኛው ነን፦ «እማዬ፣ እኔ ነኝ» ሲል እናት «ልጄ፣ አንተ ነህ?» ብላ በስሙ ትጠራዋለች፤ ከዚያ በኋላ ሌባው ስሙን አወቀ። አሁን ደግሞ ከቪዲዮ ላይ የሰው ድምፅ ወስዶ በኮምፒውተር አስመስሎ ማናገርም ተችሏል።

እንዲህ ያለ ስልክ ከመጣ፦ ስም አትጥሩ። ፌስቡክ ላይ የማይገኝ ጥያቄ ጠይቁ፤ የአያቱን የቤት ስም፣ ልጅ ሳለ የወደቀበትን ቦታ። በሌላ ሰው በኩል ልጁን ራሱን ወይም አብሮት የወጣውን ሰው ፈልጉ። ሌላ የቤተሰብ አባል አጠገባችሁ ይቀመጥና ቁጥሩን፣ ሰዓቱን፣ የተባለውን ይጻፍ። ዛሬውኑ ቤተሰብ ሁሉ አንድ ምሥጢራዊ ቃል ይስማማ፤ የቡና ጊዜ ላይ የሚነገር፣ በስልክ የማይጻፍ።

እገታው እውነት ሆኖ ከተገኘ ብቻችሁን አትያዙት። ለዩኤንኤችሲአር የፕሮቴክሽን ክፍል ወይም ለአይኦኤም ንገሩ፣ መረጃውን ሁሉ አስቀምጡ። ፌስቡክ ላይ የልጁን ፎቶና የእናንተን ስልክ አብሮ መለጠፍ ግን ሌላ አሥር ሌባ መጥራት ነው።

ስልኩ ላይ ሳላችሁ ምን ትላላችሁ?

ብዙ ሰው ሌባ መሆኑን ልቡ ያውቀዋል፣ ግን እንዴት እንደሚዘጋ ይቸግረዋል። እኛ ሀበሾች ሰው ላይ ስልክ መዝጋት ነውር ይመስለናል። ስለዚህ የሚባለውን ቃል ልስጣችሁ፦

«እሺ፣ አመሰግናለሁ። ስምዎንና የሥራ ክፍልዎን ይንገሩኝ፣ ነገ ቢሮ ሄጄ እጠይቃለሁ።»

ይኸው ነው። ክርክር የለም፣ ስድብ የለም። እውነተኛ ሠራተኛ «እሺ፣ ይምጡ» ይላል። ሌባ ከሆነ «ቢሮ ከሄድክ ይበላሻል» ይላል። ያቺ አንዲት አረፍተ ነገር ታሳብቅበታለች።

ከዘጋችሁ በኋላ በመጣላችሁ ቁጥር መልሳችሁ አትደውሉ። አንድ ጊዜ ጮኾ የሚዘጋ የውጭ አገር ቁጥርም ተዉት፤ መልሳችሁ ስትደውሉ ረሲዳችሁን የሚበላ ሊሆን ይችላል።

አንድ ጊዜ ከተበላችሁ

መጀመሪያ፣ ራሳችሁን አትውቀሱ። የባንክ ሥራ አስኪያጅም፣ የተማረ ሰውም በዚህ ይታለላል። የሌባው ትልቁ ጓደኛ የኛ ሐፍረት ነው፤ እኛ ስንደብቅ እሱ ጎረቤታችን ጋ ይደውላል።

በዚያው ሰዓት፦ ገንዘቡ የተላከበትን ባንክ ወይም የሞባይል ገንዘብ ድርጅት ደውሉ፣ ተቀባዩ ካላወጣው ሊያግዱት ይችላሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ቤተሰብ ከሆነ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ነው፣ ንግድ ባንክ 951 ነው። በሃዋላ ከሆነ ላኪው ሰው አሁኑኑ ወኪሉን ያስቁመው።

ፓስወርድ ሰጥታችሁ ከሆነ ቀይሩት፣ በሌሎች ስልኮች ላይ ያለውን ሁሉ አስወጡ። ያንኑ ፓስወርድ ሌላ ቦታም ከተጠቀማችሁበት እዚያም ቀይሩ።

መልእክቱን አታጥፉ። ስክሪን ሾት አንሱ፣ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ የገንዘቡን መጠን፣ የተላከበትን ስም ጻፉ። ኢትዮጵያ ውስጥ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለውን ማጭበርበር ይቀጣል፤ ያለ ማስረጃ ግን ሕግ ባዶ ወረቀት ነው።

ከዚያ በኋላ «ገንዘብህን አስመልስልሃለሁ፣ ትንሽ የአገልግሎት ክፈል» የሚል ሌላ ሰው ይመጣል። ያው ሌባ ነው ወይ ወንድሙ። ሁለተኛ አትበሉ።

«ብጠቁም ፋይሌ ይበላሽብኛል?»

ይሄ የብዙ ሰው ፍርሃት ነው፣ ስለዚህ በግልጽ ልናገር። ዩኤንኤችሲአር በቅን ልብ የቀረበ ጥቆማ የጠቋሚውን ጉዳይ እንደማይጎዳና በምሥጢር እንደሚያዝ ይናገራል። ሠራተኛ ነው የሚባል ሰው ገንዘብ ከጠየቃችሁ እዚያው ላለው ቢሮ ለመናገር ከፈራችሁ ጄኔቭ ያለው የዋና ተቆጣጣሪ ቢሮ በቀጥታ ይቀበላል፤ ኢሜይሉ «ኢንስፔክተር አት ዩኤንኤችሲአር ነጥብ ኦርግ» ነው። በካምፑ የአቤቱታ ሣጥን ካለም ተጠቀሙበት። በየአገሩ ያለውን ትክክለኛ ስልክና አድራሻ «ሄልፕ ነጥብ ዩኤንኤችሲአር ነጥብ ኦርግ» ላይ ታገኛላችሁ።

ፋይል የሚያበላሸው ሌላ ነገር ነው። የሌላ ሰው ስም መግዛት፣ ያልወለዱትን ልጅ ልጄ ብሎ ማስገባት፣ የውሸት ሰነድ ማቅረብ። ደላላው «ዝም ብለህ ፈርም» የሚላችሁ ይሄን ነው። በኋላ ገንዘብ ሲያጥረው ተመልሶ «ካልጨመርክ አጋልጥሃለሁ» ይላል። ስለዚህ የመጀመሪያዋ 1,000 ዶላር የመጨረሻ አይደለችም፤ ሰንሰለት ናት። ሰንሰለቱ ውስጥ የገባ ሰው ካለ ዝም ማለቱ ያረዝመዋል እንጂ አያሳጥረውም። ከማንም በፊት ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጥ ድርጅት ፈልጉና እውነቱን ንገሩ።

ለሌላውም ንገሩ

ይሄን ጽሑፍ የምታነቡ እናንተ ኢንተርኔት አላችሁ። ከእናንተ ጎን ያሉት እናት ግን ማንበብ አይችሉ ይሆናል፣ ስልካቸውም ባለ ቁልፍ ናት። ሌባው የሚደውለው ደግሞ ለእሳቸው ነው። ስለዚህ ቡና ሲፈላ፣ ውኃ ወረፋ ላይ፣ ከቅዳሴ ወይም ከጁምዓ በኋላ ሦስቱን ነገር ንገሯቸው፦ ሪሴትልመንት አይሸጥም፣ ኮድ አይነገርም፣ የሚያስቸኩል ሰው ይዘጋበታል። እንግሊዝኛ የሚችሉ ወጣቶች ደግሞ የአዛውንቶችን ደብዳቤ በነፃ አንብቡላቸው። ደብዳቤ የሚያነብ ልጅ ባለበት ብሎክ ደላላ ገበያ ያጣል።

አዲስ ዓይነት ጥሪ ወይም መልእክት ከመጣባችሁ የራሳችሁን ስምና የኬዝ ቁጥር አጥፍታችሁ የተባለውን ብቻ ላኩልኝ፤ እዚሁ ላይ እጨምረዋለሁ።

ቸር ወሬ ያሰማን።